የሚነቅፋቸውን የሚጠቁሙት አጎቴ

አንዳንዱን አዛብቼ አስታውሼ ይሆናል፤ የአጎቴ የመጨረሻ ምርጫ ዕለት መዝነቡን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። በኮልፌው ደብራችን የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት አጎቴ፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር አጥብቆ የሚነቅፋቸውን ሰው የመጠቆም ልማድ ነበራቸው። በመጨረሻው ምርጫቸው ለገዛ ቦታቸው፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚሞግታቸውን ጎልማሳ ጎረቤታችንን ጠቆሙ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ወንበርዎን ነው የሚወስደው!» አልኳቸው።

«ይውሰዳ! ከደጅ ቆሞ ከሚጮኽብኝ ገብቶ ይሥራ» ብለው ሳቁብኝ።

ሰውየው ተመረጠ፤ እርሳቸው ወረዱ።

ዘንድሮ፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በተደረገው ምርጫ «ጥቆማ?» ሲባል፣ ሁላችንም ሳናስበው በደብሩ ቅጥር ካለው ጥድ ሥር ወደሚገኘው ባዶ መቀመጫቸው ዞርን። ናፍቆት ትዝታዬን አሳምሮት እንዳይሆን ብዬ፣ በኋላ ያንኑ ጎረቤታችንን ጠየቅሁት።

«እውነት ነው፤ ከእርሳቸው በቀር የጠቆመኝ ሰው አልነበረም» አለኝ።