አዋላጇ በሕግ አውጪው በር

እትዬ ሸዋነሽ ጎንደር ሳሉ አሥራ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። አትላንታ ከገቡ ወዲህ ግን አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት አንሶላ ያጥባሉ፤ የአገር ቤት የሙያ ፈቃዳቸው እዚህ አይሠራማ። በዚያ ሰሞን እንደሳቸው ያሉት ፈተና ወስደው ወደ ሙያቸው እንዲመለሱ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። እኛ በሄድንበት ቀን ከምክር ቤቱ ኮሚቴ ካላለፈ ይወድቃል። እሳቸው ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሌላ ረቂቅ የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም።

ከምንኖርበት ከስኮትዴል በታክሲዬ የወሰድኳቸው እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። "ግሩም፣ ከሥራ ኦፍ ጠይቄያለሁ። እንግዲህ ደጅ ልንጠና ነው" አሉኝ። እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነበር።

የምክር ቤቱ በር ላይ የጠበቁን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ጁዲት ናቸው፤ ለዚህ ሕግ በሚሟገት የአይሁድ ማኅበር ውስጥ በነፃ ያገለግላሉ። ለምን በእኛ ጉዳይ እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው።

"አያቴ ሐኪም ነበር። እዚህ መጥቶ እስኪሞት ጫማ ሸጠ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስካሁን ማመን አቅቶኛል። ጁዲት በቁራጭ ወረቀት ባለጉዳዮች መምጣታችንን ጽፈው አዳራሹ ውስጥ ላለው ለኮሚቴው ሰብሳቢ ላኩ። እኛ ውጭ፣ ባለጉዳይ እንዳያልፍ በተዘረጋው ገመድ አጠገብ ቆምን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰብሳቢው ስብሰባውን ትቶ ወጣ፤ ለአንሶላ አጣቢና ለታክሲ ነጂ። አገር ቤት ለአንድ የቀበሌ ማኅተም ሦስት ቀን የተሰለፍኩ ሰው ነኝ።

"ምን ልርዳዎት?" አላቸው።

እትዬ ሸዋነሽ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። "ኧረ ምንም፣ ተመስገን ነው። ደህና ነን።"

ይሄ ይሉኝታ የሚባል ነገር አንድ ቀን ይገድለናል። ትልቅ ሰው ፊት ችግር መዘርዘር ነውር ነው ተብለን አድገን፣ ይኸው። ሰውየው እፎይ ብሎ ጨበጣቸውና ፊቱን አዞረ።

"እትዬ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" አልኳቸው፣ በንዴት። ጁዲት ይናገሩላቸዋል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የእትዬን ክንድ ይዘው ወደፊት ገፋ አደረጓቸው።

"ጌታዬ" አሉ እትዬ ሸዋነሽ። "ከሁለት ሺህ በላይ ሕፃናት አዋልጃለሁ። እዚህ የተፈቀደልኝ የወላዶቹን አንሶላ ማጠብ ብቻ ነው።"

ሰውየው ተመለሰ። ትንሽ አያቸውና፣ "ከምሳ በኋላ ይህንኑ ኮሚቴው ፊት ይድገሙልኝ" አለ።

ደገሙት። ረቂቁ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። የምክር ቤቱ ጠቅላላ ጉባኤ ገና ይቀረዋል፤ ቢሆንም ወደ ቤት ስንመለስ እኔ መሪውን ይዤ ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ግሩም፣ ፈተናው በኮምፒዩተር ነው አሉ። ታይፕ ማድረግ ታስተምረኛለህ?"