ከፓምፗ ግራና ቀኝ

መካነ ሰላም ውስጥ ራዲያተር ሲባል ሰው የሚያስበው የጭነት መኪና ነው። እኔ የምሠራበት ቤት ግን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ራዲያተር አለው። የአሠሪዬ የእማማ ልጅ ብዙ ዓመት ብርድ አገር ሠርቶ ሲመለስ እሱ ራሱ አዲስ አበባ ቀረና ለእናቱ ይህን ቤት አሠራላቸው። ከጓሮ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ በባሕር ዛፍ የሚነድ ቦይለር አለ። ቦይለሩ ውሃውን ያሞቃል፤ የተጨበጠ እጅ የምታክል ፓምፕ ደግሞ የሞቀውን ውሃ በቧንቧ እየገፋች በየክፍሉ ታዞረዋለች። ውሃው ሙቀቱን ሰጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተመልሶ ይመጣል። ጎረቤቶች መጀመሪያ ሲያዩት ሳቁ።

«ቤቱስ መኪና ሆነ፤ መሪው የታለ?» አሉ።

እማማን የማስታምማቸው እኔ ነኝ። ከደጎሎ ገጠር ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። እማማ የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ያገለገሉበትና የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ከደጃችን ይታያል። ደረታቸው ብርድ አይችልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ልጃቸው ሁልጊዜ «አዲስ አበባ ልውሰድሽ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሁልጊዜ «እኔ ከደብሬ አልወጣም» ይሉታል። ቤቱ የተሠራው ለዚህ ነበር። ከሞቀ ይቀራሉ፤ ከቀዘቀዘ ይሄዳሉ።

ባለፈው ዓመት ፓምፗ ቆመች። የገጠሟት ሰዎች ከፊቷም ከኋላዋም መዝጊያ አላደረጉም ነበርና፣ እሷን ለመፍታት የቤቱ ውሃ በሙሉ መፍሰስ ነበረበት። እዚህ ከተማ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በጀሪካን ተሸክሜ የሞላሁት ውሃ ጠቁሮ በጓሮው ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ፈረቃችን እስኪደርስ ቤቱ ከሳምንት በላይ ቀዝቅዞ ቆየ። እማማ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው ሲያስሉ ሰነበቱ።

ዘንድሮ እንደገና ስትቆም የመጣው የቧንቧ ባለሙያ የወረኢሉ ሰው ነው። ተንበርክኮ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ፣ ይኼን የገጠመው ሰው ውሃ ተሸክሞ አያውቅም» አለ።

ከከረጢቱ ሁለት የናስ መዝጊያ ቫልቮች አወጣ። ቀይ እጀታ አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ባትሪ አበራለት ነበር፤ ሰው ፊት ድምፄ ስለሚጠፋ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንዱን ሰጠኝና «እይበት» አለኝ። አየሁበት። ሆዱ ውስጥ የብረት ኳስ አለች፤ ኳሷ ደግሞ መሃሏ ተበስቷል። በቀዳዳው የጓሮውን ባሕር ዛፍና ከላዩ ያለውን ሰማይ አየሁ።

«አሁን አዙሪው።»

እጀታውን ሩብ ዙር አዞርኩት። ሰማዩ ጠፋ። መለስኩት፤ ሰማዩ መጣ። ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት አላውቅም።

«ይበቃል እህቴ፣ ለቧንቧውም ተይለት» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

እማማ ከበር ሆነው ሳቁ። «ተዋት፣ ሲኒማ አግኝታ ነው።»

የቤቱን ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ አፈሰሰ፤ ፓምፗን ጠገነ፤ ውሃ እንዳያሾልክ በቧንቧው ጥርስ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ አንዱን ከፓምፗ በታች፣ ሌላውን ከፓምፗ በላይ አሰረው። እንደ ምንም ድምፄን ፈልጌ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ አንዱ አይበቃም?»

«የግቢሽ ቧንቧ ውሃ ከአንድ ወገን ነው የሚመጣው። ይኼኛው ይዞራል። ፊቱን ብትዘጊበት በጀርባ ይመጣብሻል። ሁለቱ ካሉ ግን ፓምፗን ስትፈቺ የሚፈሰው አንድ ብርጭቆ ነው።»

ስለ ብርጭቆው አላመንኩትም። ስለ መዞሩ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ያ ውሃ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ትናንት እማማን ያሞቀው ዛሬም ያሞቃቸዋል።

ጥፋቱን ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ከተማ ፈረቃው ሲያበቃ ሰው ሁሉ ወጥቶ የግቢውን መዝጊያ ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ባዶው ቧንቧ ውስጥ ነፋስ ገብቶ ቆጣሪውን ያዞረዋል ይባላል። አንድ ቀን ከሰዓት ውሃው ሲሄድ የግቢውን ዘጋሁ። ከዚያ ቦይለሩ ላይ እንጨት ልጨምር ገባሁና በዚያው እጄ ሁለቱንም ቀይ እጀታዎች ዘጋኋቸው። ውሃ ያተረፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ቦይለሩ ይንኳኳ ጀመር፤ ውስጡ ሰው ገብቶ በመዶሻ የሚመታው ይመስል ነበር። ጣሪያው ላይ ካለችው ታንከር እንፋሎት ወጣ። እማማ «ኧረ የጌታ ያለህ!» ሲሉ ሰማሁ። ፍሙን በአካፋ እየዛቅሁ አወጣሁና እጀታዎቹን ከፈትኩ። እጄን ጠላሁት።

ልጃቸው በስልክ ሲሰማ ለእኔ ነው የነገረኝ። «በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።» እማማ አልተቆጡኝም። «ስስታም» ብቻ አሉኝ፣ እየሳቁ። ሳቃቸው ከቁጣ በላይ ከበደኝ፤ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑን በመስኮት እያዩ ብዙ ሲቆዩ አይቻለሁና።

ቅዳሜ ጠዋት ፓምፗ ጭራሽ ቆመች። ለባለሙያው ደወልኩ። ወረኢሉ ሥራ ላይ ነበር።

«ባለፈው ውሃ ሳያልፍባት ስትሽከረከር ተጎድታለች። እዚያው ቦይለሩ ክፍል ያኖርኩላችሁን ትርፍ ፓምፕ አስገቢ።»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ። እጀታ መዝጋት እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»

እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ስልኩን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ያዙልኝ። እሳቱን አወጣሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ሁለቱን እጀታዎች ዘጋሁ። ፓምፗን ከቧንቧው ያጋጠመውን ትልቁን ማሰሪያ በቧንቧ ቁልፉ ያዝኩት።

«ከፈሰሰስ?»

«ከፈሰሰ መልሰሽ ታስሪዋለሽ። አብሽሪ።»

ፈታሁት። ውሃው መጣ፤ ጥቁር ነው፣ ለብ ብሏል፣ በክርኔ ወረደ። ያ የአምናው ጎርፍ መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቆመ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ ስልኩ።

«ቆመ» አልኩ። አሮጌዋን ፓምፕ አወጣኋት። እሷ የነበረችበት ቦታ ባዶ አየር ነበር። ከላይ የመኝታ ቤቱ፣ የሳሎኑ፣ የኩሽናው ውሃ፤ ከታች የቦይለሩ ውሃ፤ ስንት ጀሪካን የተሸከምኩት ሁሉ ከሁለት ትንንሽ ኳሶች ጀርባ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ድምፅ እንኳ የለውም። በቤተ መቅደስ መጋረጃ ፊት ስቆም የሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ተሰማኝ፤ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ።

«ሆዷ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን» አለ ባለሙያው። የጎማ ቀለበቶቹን አስቀመጥኩ፣ አሰርኩ፣ የታችኛውን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፣ ከዚያ የላይኛውን። በየራዲያተሩ ጫፍ ያለችውን ብሎን ላላ አድርጌ ነፋሱን ሳስወጣ እንደ ፊሽካ ጮኸ። ሶኬቱን ሰካሁ። ፓምፗ ስትንቀሳቀስ የሰማኋት በመዳፌ ነው። እሳቱን አንድጄ መዳፌን ቧንቧው ላይ አኖርኩና ሙቀቱን ተከተልኩት፤ በግድግዳው ሄደ፣ ጥጉን ዞረ፣ እማማ አልጋ አጠገብ ደረሰ።

ልጃቸው ከሰዓት በኋላ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ እጁን ራዲያተሩ ላይ አደረገ።

«ማን ጠገነው?»

እማማ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ያቺ ስስታም።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። እሱ ወደ ጓሮ ሄዶ ቦይለሩ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። እያወሩ እማማን በወሬያቸው መሃል እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጎንበስ ብሎ ትንፋሻቸውን አዳመጠ። አላፏጨም። ስለ አዲስ አበባ ምንም አላነሳም።

በማግሥቱ ሊሄድ ሲል እማማ መኪናው ውስጥ አንድ ትልቅ ሻንጣ አዩ። አስከፈቱት፤ ባዶ ነው።

«ይኼ ምን ሊሆን ነው?»

ራሱን አከከ። «ለልብስሽ ነበር።»

«ባዶውንማ አይመለስም፤ ገብስ ይሞላበት» አሉ።

እሱ የሻንጣውን አፍ ከፍቶ ያዘ፤ እኔ ገብሱን በቁና እያመጣሁ አፈሰስኩበት።