ቡሩልቻና ባለ ሦስት መብራቷ ኮፍያ

ቡሩልቻ ቢሽኬክ ከተማ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ትሮሊባስ፣ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚሄድ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ ስትነዳ አንድም ቀን ሰው ገጭታ አታውቅም። ጡረታ በወጣች በአምስተኛው ወር ግን በአንድ ሳምንት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተጋጨች። ያውም እቤቷ፣ በነጠላ ጫማ፣ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ተቀምጣ።

ልጇ ወደ ኦሽ ከተማ ስትዛወር ነው ኮምፒውተሩን ከነመሪው፣ ከነፍሬኑና ከነነዳጅ መስጫው ትታላት የሄደችው። "እማ፣ በመስኮት አውቶቡስ ከምትቆጥሪ ይሄን ንጂ" ብላ የከባድ መኪና ጌም ጫነችላት። ቡሩልቻ መጀመሪያ ሳቀች። በሁለተኛው ቀን ምሳ ረሳች። በወሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት ተገናኝተው በጆሮ ማዳመጫ እያወሩ ተከታትለው የሚነዱ ሰባት ሰዎች መሃል ገባች። መሪያቸው ታላይ የሚባል የካራኮል ከተማ ሰው ነው፤ ሥራው የጥርስ ሕክምና፣ ቅዳሜ ግን ከእሱ በላይ ሾፌር የለም።

ችግሩ መስቀለኛ መንገድ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የለመደ ሰውነት መስቀለኛ ላይ ሲደርስ ሳይታዘዝ ከነወገቡ ወደ ግራ ይዞራል። በግራዋ ያለው ግን መንገድ ሳይሆን ቁም ሣጥን ነው። ወደ ግራ የሚያሳይ ቁልፍ መሪው ላይ አለ፤ እጇ ግን ይረሳዋል። ቁም ሣጥኑን ታይና "ነፃ ነው" ብላ ትገባለች። ከዚያ ጓ!

"ኤጄ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ጠረጉት?" አላት ታላይ፤ በአገራቸው በዕድሜ የምትበልጥ ሴት "ኤጄ"፣ ታላቅ እህት፣ ተብላ ነው የምትጠራው።

"አንድ ቢጫ መኪና። እሱ ነው የመጣብኝ!"

"እሱማ በመንገዱ ነው የመጣው። እርስዎ የት እያዩ ነበር?"

"ቁም ሣጥኑን።"

ሰባቱም በሳቅ ፈነዱ፤ አንዷ ሴትዮ እንደውም ሳቋ አላስነዳ ብሏት መኪናዋን ዳር ያዘች። ታላይ ሳቁ ሲበርድለት ነው የነገራት። ኮፍያ ላይ የሚሰካ ሦስት ትንንሽ መብራት አለ፤ ስክሪኑ አናት ላይ ደግሞ መብራቶቹን የሚከታተል ካሜራ ይቀመጣል። "ራስዎን ትንሽ ሲያዞሩ፣ መኪናው ውስጥ ያለው እይታዎ ብዙ ይዞራል። ጣት ያህል ቢያዞሩ ትከሻዎን አልፎ ያያል።"

ቡሩልቻ ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ያ ሁሉ ዓመት ስፖኪዮ ሲያይ የኖረ አንገቷ ከደረቀባት ስድስት ዓመት ሆኖታል። በግራ በኩል ሰው ሲጠራት እንደ ተኩላ ከነወገቧ ነው የምትዞረው። ጣት ያህልስ ይዞርላታል!

ባሏ ቱራር፣ ዕድሜውን ሙሉ አኮርዲዮን ሲያስተምር የኖረ ቀልደኛ ሰው፣ ነገሩን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ፈጣሪ አንገት በነፃ ሰጠሽ። አሁን እሱን ለማዞር ልትከፍዪ ነው?"

"የሰጠኝማ ዛገ!"

"ካፖርቱስ?"

የመሣሪያው ዋጋ ለክረምት ልትገዛው ካሰበችው ካፖርት ጋር እኩል ነበር። አሮጌው ካፖርት ደግሞ ክርኑ ላይ ሳስቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ነፃውን ልሞክር አለች። በስልክ ካሜራ ፊትን የሚከታተል ፕሮግራም ነበር፤ ታላይ እየመራት አስገባችው። መነጽር ስታደርግ ፊቷ ይጠፋዋል። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጋቢናው እንደ አህያ ጋሪ ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ቀን ድልድይ ላይ ሳለች ቱራር የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከኋላዋ አለፈ። ካሜራው የእሷን ፊት ለቆ የእሱን ያዘ፤ እሱ ወደ ኩሽና ሲሄድ እይታዋም አብሮት ወደ ኩሽና ሄደ፤ መኪናው ወንዝ ገባ።

"አየህ፣ ወንዝ ከተትከኝ!"

"እኔ? ሻይ ይዤ ስላለፍኩ?"

"ፊትህን ይዘህ ስላለፍክ!"

ሐሙስ ዕለት ባልና ሚስቱ አንድ ማሰሮ የቼሪ ፍሬ ማርማላታ ይዘው ቶክሞክ ወደምትባል ከተማ ወረዱ። ታላይ የሚያውቃቸው ገናዲ ፓቭሎቪች የሚባሉ፣ በወጣትነታቸው ከአውሮፕላን የእርሻ መድኃኒት ይረጩ የነበሩ ሽማግሌ እዚያ አሉ። አሁን በኮምፒውተር ነው የሚበሩት፤ መሣሪያውም አላቸው። ቱራር "እንዳያታልሉሽ" ብሎ ነው አብሮ የሄደው፤ ሽማግሌው ግን የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም።

"በጌም የመኪና ውድድር ለሚነዳ ሰው አትግዛ ነው የምለው" አሉ ማርማላታውን በማንኪያ እየቀመሱ። "ዓይኑ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው። ግራ ቀኝ ለሚያይ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የከባድ መኪና ጌም የለኝም። አውሮፕላን ይፈራሉ?"

"ትሮሊባስ ነጂ ነኝ" አለች ቡሩልቻ፣ መልስ ይሁን አይሁን ሳታውቀው።

ኮፍያውን አጠለቁላት። ስክሪኑ ላይ ተራሮቹ ከታች ተዘረጉ። ዞር ስትል ሰማዩ፣ ጣሪያው፣ እግሯ ሥር ያለው ፔዳል ሁሉም ተገለባበጠና ወንበሩን ጨብጣ ያዘች።

"ቀስ!" አሉ ሽማግሌው። "ዓይንዎ ከስክሪኑ አይነሳ። አፍንጫዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ።"

አፍንጫዋን ጥቂት ወደ ግራ ሰደደች። መስኮቱ መጣ። ክንፉ መጣ። ትንሽ ጨመረች፤ አላመማትም። ክንፉ አልፎ ሄደና ከትከሻዋ ኋላ ቀይ ጭራ ብቅ አለ፤ ከጭራው ማዶ የአውሮፕላኑ ጥላ በረዶው ላይ ይሮጣል።

"ጭራው! ቱራር! ጭራውን አየሁት እኮ!"

ወደ ፊት ጎንበስ ስትል የሞተሩ አፍንጫ ቀረበላት። ወደ ጎን ዘንበል ስትል የመስኮቱ ብረት የጋረደው ሸለቆ ተገለጠ። ልቧ እንደ መጀመሪያው የመንጃ ፈቃድ ቀን ይመታ ጀመር። አርባ ደቂቃ አልተነሳችም፤ ሽማግሌውም ይነሱ አላሏትም።

በሚኒባስ ሲመለሱ ቱራር በግራዋ ተቀመጠ። ከዚያ "ስድስት ዓመት በግራሽ ተቀምጬ አወራለሁ" አለ፤ "አንድ ቀን ዞር ብለሽ አላየሽኝም። ዛሬ የአውሮፕላን ጭራ አየሽ።"

"ተቀየምክ?"

"ተቀይሜያለሁ። ግዢው። ካፖርትሽን ክርኑን እኔ እጥፈዋለሁ።"

"አንተ መርፌ የት ታውቃለህ?"

"አንቺስ አውሮፕላን የት ታውቂያለሽ?"

ዕቃው በታዘዘ በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ መጣ። መብራቶቹ የተሰኩት የትሮሊባስ ዘመን ኮፍያዋ ላይ ነው። እይታው ምን ያህል እንደሚዞር ሁለት ቀን ሙሉ ስታስተካክል ቆየች፤ ሲበዛ ዓለም ይዞርባታል፣ ሲያንስ አንገቷ ይጎተታል። ዓርብ ማታ ልኩን አገኘችው።

ቅዳሜ ሰባቱ ተሰለፉ። ከከተማው መውጫ ላይ ያ ክፉ መስቀለኛ መጣ። ቡሩልቻ ፍሬን ነካች፣ አፍንጫዋን ወደ ግራ ሰደደች። አንድ ቀይ መኪና እየበረረ ይመጣል! ቆመች። ቀዩ አለፈ። ከኋላዋ ያሉትም ሁሉ ቆሙ።

"ኤጄ..." አለ ታላይ። "ቆሙ እንዴ?"

"ቆምኩ። ቀይ መኪና አሳለፍኩ።"

ያን ጊዜ የተነሳው የጡሩምባ ጩኸት! ሰባት ከባድ መኪና መስቀለኛው ላይ ቆሞ በደስታ አንባረቀላት። እሷም መልሳ አንባረቀች። ጭነት ማራገፊያው ጋ ሲደርሱ ዘንበል ብላ በመስኮት እያየች ተሳቢውን በአንድ ሙከራ ወደ ኋላ አስገባችው፤ ታላይ ራሱ ሦስት ጊዜ ነው የሞከረው። "በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊት እርስዎ ይምሩ" አላት፤ የጥርስ ሐኪሙ ኩራቱን ውጦ።

ቱራር በጩኸቱ ምን መጣ ብሎ ከኩሽና ወጣ። ሾርባው እንደቀረበ ነግሯት ነበር፤ አልሰማችም። ቆሞ ስክሪኑን አየ፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እዚያ ማዶ ሐይቅ ያለ መሰለኝ" አለ። "እስቲ ዞር በይና አሳዪኝ።"