በሁስቢል ሻወር የተጠመቀው አባቴ

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ይዤ ሐይቅ ዳር ወርጄ ነበር። ሙቀቱ በርትቶ ውኃዬን ስጨርስ አንዷ ተማሪ የራሷን ኮዳ አቀበለችኝ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ለብ ያለ፣ ጀሪካን ጀሪካን የሚል ውኃ። አንዴ ስጎነጨው ወደ አሥራ አንድ ዓመቴ መለሰኝ፤ ስዊድን ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከሃሉንዳ በሁስቢል ወደወጣንባት ሐምሌ።

ሁስቢል ማለት፣ ላላየው ሰው ላስረዳና፣ ሆዱ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤትና ቁም ሣጥን የምታህል ሻወር የያዘ መኪና ነው። አባዬ ሶደርተልየ ከተማ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበርና ከአንድ ስዊድናዊ ባልደረባው ለሦስት ቀን ተዋሰው። ባልደረባው ከመነሣታችሁ በፊት መሳቢያዎቹን ሁሉ ቆልፉ ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሄኖክ አንዱን ረሳ፤ በመጀመሪያው አደባባይ ላይ መሳቢያው ተከፍቶ የእማዬ ሚጥሚጣ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ አየር ማናፈሻውም እያነሣ ለአራታችን እኩል አካፈለን። እስከ ማላረን ሐይቅ ድረስ እያስነጠስን፣ እንባችንን እየጠረግን ሄድን፤ አባዬ መስኮቱን ከፍቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደዚያም ሆኖ መንገድ ዳር ያለውን ጫካ «እዩ፣ እዩ» ይለን ነበር።

እማዬ ግን ለሽርሽር አልነበረም የወጣችው። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ አባዬ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። እሷም ለእኅቷ ነግራ ከእንጦጦ ጠበል በነጭ ጀሪካን አስመጥታለት ነበር። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፣ ሳሙና አይነካውም፣ ከተጠመቁ በኋላም የዚያን ዕለት በሌላ ውኃ አይታጠቡም። አባዬ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ይሁንና ወራት ሙሉ «መጀመሪያ የሐኪሙን መድኃኒት ልጨርስ» እያለ ሸሸ። አሁን ሳስበው መጠመቅ ለእሱ ታምሜአለሁ ብሎ ማመን ነበር፣ እሱ ደግሞ ያንን በልጆቹ ፊት ማመን አልፈለገም። እማዬ ሌሊት ስትጸልይ በግድግዳው በኩል እሰማት ስለነበር እንዳይሞትባት እንደምትፈራ አውቃለሁ። ስንነሣ ጀሪካኑን በፎጣ ጠቅልላ ከሁስቢሉ ወንበር ሥር ሸጎጠችው። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው፤ ከፋብሪካውና ከቤቱ ራቅ ሲል ልቡ ይለሰልስ ይሆናል አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት እሷ፣ ሄኖክና እኔ ሰማያዊ እንጆሪ ለመልቀም ወደ ጫካው ስንገባ አባዬ ውኃ ሊሞላ ቀረ። የሰፈርንበት ካምፕ የውኃ ጎማ ከመኪናው የውኃ መክተቻ አፍ ጋር አልገጠመለትም። ሲያፈላልግ ከወንበሩ ሥር ጀሪካን አገኘ፤ መጠባበቂያ ውኃ ያስቀመጠልን የመኪናው ባለቤት ነው ብሎ እያመሰገነው በዚያው አፍ እስከ ጠብታው ገለበጠው። ከዚያ ሻወር ገባ።

እጃችን በእንጆሪ ጠቁሮ ስንመለስ መኪናው እየተወዛወዘ አባዬ ውስጥ ይዘፍናል። ወዲያው ዘፈኑ ተቋረጠ።

«አልማዝ! ውኃው አለቀ፣ ሳሙናው ዓይኔ ገባ፣ ውኃ አምጪልኝ።»

እማዬ ለመሄድ ዞር ስትል ባዶውን ጀሪካን ከውኃ ጎማው አጠገብ ክዳኑ ወልቆ ተጋድሞ አየችው። አነሣችው፣ ዘቀዘቀችው፣ አሸተተችው። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ቀሚሷን ያዝኩ። እሷ ግን ወደ በሩ ተጠጋች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁርስ ቀምሰሃል?»

«ምን ቁርስ ትጠይቂኛለሽ? ዓይኔ ጠፋ እኮ።»

«ቀምሰሃል ወይ?»

«አልቀመስኩም! እናንተን ስጠብቅ አልነበር?»

«በል እንግዲህ ተጠምቀሃል፤ የእንጦጦውን ነው የጨረስከው። ሳሙናውን እሱ ይቅር ይበልህ። በሌላ ውኃ መለቅለቅ ግን የለም።»

ከዚያ አባዬ ፎጣ አገልድሞ፣ ፀጉሩ አረፋ እንደተሸከመ፣ ዓይኖቹ ቀልተው ብቅ አለ። ሄኖክ በስዊድንኛ የልደት ኬክ መስሏል አለና ሮጠ። አባዬ እማዬን አያት፣ ጀሪካኑን አየ። ወራት ሙሉ ሲከራከራት የኖረ ሰው፣ የፊቷን ብርሃን አይቶ ተወው መሰለኝ። «እሺ፣ አልታጠብም» አለ።

ያን ቀን ሙሉ ሳሙናው ራሱ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኖ፣ እያሳከከው፣ እማዬ ጎን ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ከአጠገባችን የሰፈሩ ስዊድናውያን ባልና ሚስት አንገታቸውን አቅርቅረው ሰላም እያሉ ያልፋሉ፤ እሱም ክብሩን ጠብቆ መልሶ ሰላም ይላቸዋል። እማዬ እንጆሪ እየመረጠች አፉ ውስጥ ታደርግለታለች። ጸደይ ላይ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነበር።

አባዬ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ኖረ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ነው ይላሉ፤ እማዬ ደግሞ ዕድሜው ከየት እንደመጣለት ታውቃለች፤ እኔ በዚህ አልከራከርም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ባልደረባው ሁስቢሉን ውሰደው ይለው ነበር። አንዱን ዓመት በአባዬ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ አንዱን በሄኖክ የኳስ ውድድር፣ ኋላ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ሐይቅ ዳር መታየት እኔን ራሴን ስላሳፈረኝ፣ ለከርሞ እያልን ገፋነው። እማዬ ለምና ስምንት ሐምሌ አስጨምራልን ነበር። በአንዱም አራታችን አብረን ከቤት አልወጣንም።