ጥሩው ውሃ፣ ቢጫው ውሃ

በልጉ የቀረበትን ዓመት ሳስታውስ አፌ አሁንም ይደርቃል። ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከዓባይ በረሃ የሚመጣው ነፋስ ይጋረፍ ነበር፤ ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ መሳቅ እንኳ ያመን ነበር። ደመናው ይመጣል፣ መካነ ሰላም ላይ ያጠላል፣ ከዚያ ወደ ወግዲ ያልፋል። ለወግዲም አይዘንብላት።

አያ ኑርሁሴን የአጎቴ የሸህ ሷሊህ ልጅ ነው። አባቱ ቁርዓንና ኪታብ ያስቀራሉ፤ ከየአገሩ የመጣው ደረሳ ከቤታቸው አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ይማራል። ልጁ ግን ወደ አስኳላው አዘነበለና ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መድኃኒት ሰጪ፣ ሆኖ ለአገሩ ጤና ጣቢያ ተመደበ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ሰው ነበር።

ከመስጊዱ ጓሮ በድንጋይ የተገነባ የምንጭ ኩሬ ነበር። ደረሳው ከሶላት በፊት እየታጠበ ወዱእ የሚያደርገውም የሚጠጣውም ከዚያ ነው፤ ሸሁ ካላዩን እኛ ልጆች እንዋኝበታለን። በዚያ ድርቅ ምንጩ መንምኖ ኩሬው አረንጓዴ ሆነ፤ ደረሳው በሆድ በሽታ ይወድቅ ጀመር። አንዱን፣ ከኩታበር የመጣውን ድምፀ መልካሙን፣ ቀበርነው።

አያ ኑርሁሴን ነጭ የመድኃኒት ዱቄት አምጥቶ ኩሬው ውስጥ በተነ። በነጋታው ሰው ሰብስቦ መመርመሪያውን አወጣ። ትንሽ የእንጨት ሣጥን ናት፤ ውስጧ ብልቃጦች፣ የጠብታ ጠርሙስ፣ ደግሞም ከፈዛዛ እስከ ደማቅ ቢጫ በመደዳ የተሰኩ መስታወቶች አሉ። ከኩሬው ቀድቶ ጠብታውን ሲጨምርበት ውሃው ቢጫ ሆነ። ብልቃጡን ወደ ሰማይ አንስቶ ከመስታወቶቹ ጋር አስተያየና ፊቱ በራ።

«አልሃምዱሊላህ! ቢጫ ሆነ፤ መድኃኒቱ ደርሶታል ማለት ነው። አሁን ጠጡት።»

አፈኛዋ ጎረቤታችን ኑርጃን እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ «አያ ኑርሁሴን፣ ውሃውን የወፍ በሽታ አስያዝከው እኮ!» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

ሸህ ሷሊህ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ከኩሬው በመዳፋቸው ጨለፉና አሸተቱ።

«ልጄ፣ ለወዱእ የሚሆን ውሃ መልኩም ጣዕሙም ሽታውም ያልተለወጠ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ይህንን ነው። ይህ ይሸታል። መልኩንም አንተው አሳየኸን።»

«አባባ፣ ቢጫው ብልቃጡ ውስጥ እንጂ ኩሬው ውስጥ የለም። ጠብታው ነው ያቀለመው። ሽታውም ፀሐይ ሲመታው ይሄዳል።»

«የወንዙንስ አሳየን እስቲ» አለ ከደረሳው አንዱ፤ ሮጦ ሄዶም ቀድቶ አመጣ።

ወንዙ መፍሰሱን ትቶ ገደል ሥር ቆሞ ነበር። ከበላዩ ከብት ይሞትበታል፤ ሲረጋ ግን ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል። አያ ኑርሁሴን ጠብታውን ጨመረበት። ምንም አልሆነም። ብልቃጡን አየና ለራሱ እንደሚያወራ፣ «ይኸው፣ ጥሩ ነው» አለ።

ቀለም አለመያዙን፣ መጥራቱን መናገሩ ነበር። ሰዉ የሰማው ግን ሌላውን ጥሩ፣ መልካም የሚለውን ነው።

«ሰማችሁ? በራሱ አፍ ጥሩ ነው አለ!» ብላ ኑርጃን ጮኸች።

«ኧረ እንዲያ ማለቴ አይደለም! የጠራው መድኃኒት ስለሌለበት ነው። ጥሩ የሆነው መጥፎ ስለሆነ ነው!»

«ጥሩ የሆነው መጥፎ ስለሆነ ነው? ወላሂ፣ አስኳላ የሚያስተምረው ይህንን ነው?»

ከዚያ ወዲያ ማን ይስማው? ሣጥኑን አንግቦ ቤት ለቤት ዞረ፤ እባካችሁ አፍልታችሁ እንኳ ጠጡት እያለ። እናቴ «እሺ ልጄ፣ ኢንሻአላህ» አለችው፤ እንስራችን የወንዝ ውሃ እንደሞላ ነበር። ሸሁም ከደረሳቸው አልለይም ብለው ከወንዙ ጠጡ።

ብዙም አልቆዩ፣ ወደቁ። እኔ ዝንብ እከላከላለሁ፣ አያ ኑርሁሴን የፈላ ውሃ በማንኪያ ያጠጣቸዋል። የገባው ሁሉ ይመለሳል። ማንኪያውን እንደገና ይሞላል። ያ የሚያውቀው ሁሉ እዚያ ምን ሊሠራለት!

«ኑርሁሴን» አሉ ሸሁ ድምፃቸው ሲያልቅ፣ «ያንተው ውሃ ነበር ለካ ጥሩው?»

«ጥሩስ አልነበረም አባባ» አለ። «ደህና ነበር።»

ፈገግ ያሉ መሰለኝ። በዓሱር ሶላት ሰዓት አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ እንስራውን ይዞ ወደ ኩሬው ተመለሰ። ኑርጃንም መጣች፤ አንገቷን ደፍታ። ምንጩ ግን ነጥፎ ኩሬው ጭቃ ሆኖ ጠበቀን። አያ ኑርሁሴን ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ብልቃጡን በጋቢው ጫፍ ይወለውላል። የሚመረምረው ውሃ አልነበረም።

አገሩን ለቆ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየው እህል ነጋዴው አድማሴ ነው። አጅባር ገበያ ዳር ካለ ጤና ጣቢያ ቁስል ያጥብ ነበር አለኝ።