ለኑሩ ጂም ውስጥ ያለቀስንበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ሂልቶፕ ሰፈር አንድ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነበር። የሞቱትን ሽማግሌ ብዙም አላውቃቸውም። ግን ለቅሶ ተብሎ አይቀርም። በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል፣ በረንዳው ላይ ወንዶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል፣ ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። አንዷ ልጅ ንፍሮ በወረቀት ሳህን አመጣችልኝ። ስንዴና ሽምብራ፣ ገና ትኩስ ነው። አንድ ሁለቴ ዘግኜ ሳህኑን አስቀመጥኩት። ለሰውየው አዝኜ አይደለም። ቤቱ በመሙላቱ ነው። ወንድሜ ሲሞት ቤታችን አልሞላም ነበርና።

እኔ ብዙ አልጽፍም። ሃይስኩል ጨርሼ በቀጥታ ወደ ሥራ ነው የገባሁት። ቢሆንም ያን ቅዳሜ ሌላ ሰው አጣሞ ሲያወራው ከምሰማ፣ ራሴ ልጻፈው ብያለሁ።

ወንድሜ ኑሩ ይባላል። አባታችን ገና ኮምቦልቻ እያለን ስለሞተ፣ ኮሎምበስ ስንመጣ ለእኔ ወንድምም አባትም እሱ ነበር። ሃይስኩል ሲገባ የሩጫ አሰልጣኙ ስሙን ሳይጠይቀው «ከየት ነህ?» አለው። ኢትዮጵያ ሲለው ወዲያው የመሮጫ ጫማ አመጣለት። ኑሩ ጫማውን መለሰ።

የእኛም ሰዎች ቢሆኑ አልተዉትም። «ሀበሻ አይደለህ እንዴ? ሩጥ እንጂ!» ይሉታል።

«ማን አባርሮኝ ነው የምሮጠው?» ይላቸዋል።

እሱ የትግል ስፖርት ገባ። እማዬ መጀመሪያ ያን ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የትግል ልብስ ስታይ «ይሄ ልብስ ነው ወይስ ካልሲ?» ብላ ራሷን ያዘች። ኋላ ግን ግጥሚያ አያመልጣትም ነበር፤ ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆና በአማርኛ ትጮሃለች። በመጨረሻው ዓመት ከኦሃዮ ትምህርት ቤቶች በኪሎው ምድብ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ሂሊያርድ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ሥራ ገብቶ ቤታችንን ያስተዳድር ጀመር። ብርድ በመጣ ቁጥር፣ የትግል ወቅት ነውና፣ ከሥራ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ እየሄደ ትንንሾቹን ያሰለጥን ነበር። ማንም አልቀጠረውም። ዝም ብሎ ይሄዳል።

በፈረንጆቹ 2020 ጸደይ ላይ ኮሮና ያዘው። ሆስፒታል በር ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ። አብሮ መግባት አይቻልም ነበር። ከመኪናው ወርዶ፣ ማስኩን በጣቱ ዝቅ አድርጎ «አብሽር» አለኝ። በእኛ በወሎዎች አይዞህ ማለት ነው። ከዚያ አልወጣም።

ጀናዛው ላይ የተፈቀደው አሥር ሰው ነበር። ተራርቀን ቆመን ሰገድንበት። ሌላው ሰው በስልኩ ስክሪን ተከታተለ። እማዬ መኪና ውስጥ ሆና በመስታወት አየች። ቤት ስንመለስ ማንም የለም። ሰዎቻችን ጨክነው አይደለም። ምግብ በር ላይ ያስቀምጡና ደወሉን ተጭነው ወደ መኪናቸው ይሮጣሉ፤ ከመንገድ ማዶ ሆነው «አብሽሩ!» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ተቃቅፎ ማልቀስ የለም። እማዬም አላለቀሰችም። «ለብቻ አይለቀስም» አለች። እንዴት ልበለው... ቆለፈችው። ሁለት ዓመት ገደማ እንደዚያ ሆነች። ትሠራለች፣ ትሰግዳለች፣ ትበላለች፤ የኑሩን ስም ግን አትጠራም። እኔ ስጠራው ከክፍሉ ትወጣለች። ወንድሜን አጣሁ፤ ቀስ በቀስ እሷንም እያጣኋት እንደሆነ ይሰማኝ ጀመር።

በ2022 መጀመሪያ ላይ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ከድሮ ስፖርተኞቹ ጥቂቶቹን ይመርጥና «ሆል ኦፍ ፌም» በሚባለው የዝነኞች ግድግዳ ላይ ፎቷቸውን ይሰቅላል። ኑሩ ተመርጧል። ቅዳሜ ከሰዓት ጂሙ ውስጥ ምሳ አለ፣ ሽልማት አለ፣ ጭብጨባ አለ። ለየቤተሰቡ አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ስምንት ወንበር።

ለእማዬ ነገርኳት። «ለኑሩ ሰው ሊሰበሰብ ነው?» አለችኝ። ስሙን ጠራችው። እኔ ስሙን በመጥራቷ ደንግጬ «አዎ» ብቻ አልኳት። ስልኳን አንስታ እትዬ ሉባባ ጋ ደወለች። እትዬ ሉባባ አንድ ነገር ሰሙ ማለት ከብሮድ ስትሪት ግራና ቀኝ ያለ ሀበሻ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። የወንበሩ ቁጥር ግን እሳቸው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ደረሰ። ፓርኪንጉ ላይ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ጂሙ በሰማያዊና በቢጫ ፊኛ አጊጧል። ጠረጴዛችን ላይ ዶሮ፣ ፎሶሊያና የትምህርት ቤቱ ምልክት ያለበት ኬክ ቀርቧል። ገና ከመቀመጣችን በሩ ላይ ጫጫታ ሰማሁ።

ፊት የቆሙት ጋሼ ይመር ናቸው። በየለቅሶው ዱዓ የሚያደርጉልን ሽማግሌ። ከኋላቸው ሰልፉ ፓርኪንጉ ድረስ ወጥቷል። ሴቶቹ ነጠላ አጣፍተዋል፣ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ድስት በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ትሪ በፎይል ተሸፍኖ ይዘዋል። ሁሉም ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። ስም የምታመሳክረዋ ተማሪ ግራ ገብቷት «ስምዎ ማን ነው?» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

«ኑሩ» አሉ ጋሼ ይመር።

ቀጥሎ የቆሙትን እትዬ ሉባባን ጠየቀች። «ኑሩ» አሉ። ከኋላቸው ያለውም «ኑሩ» አለ። ልጅቷ ወረቀቷን አስቀምጣ ሰው ልትጠራ ሮጠች።

የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«እነዚህ ሁሉ የእናንተ እንግዶች ናቸው?»

«አዎ።»

«ወንበር የለንም እኮ።»

«ይቆማሉ።»

«ስማኝ፣ ላይቭ ስትሪም አለ። ሊንኩን እሰጥሃለሁ። ቤታቸው ተመቻችተው ያዩታል።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ቅን መስሎት ነው የተናገረው። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«ወንድሜን በስክሪን ቀብረነዋል» አልኩት። «ሁለተኛ በስክሪን አይሆንም። እነሱ የሚወጡ ከሆነ ፎቶውን ስጠን፣ ሁላችንም አብረን እንወጣለን።»

 ያኔ የኑሩ የትግል አሰልጣኝ ከጠረጴዛው ተነሣ። አንገቱ የወፈረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ግድግዳው ጋ ሄዶ የታጠፈውን የተመልካች መቀመጫ ደረጃ በሁለት እጁ ጎትቶ ዘረጋው።

«ጂም ውስጥ ሆነን ነው መቀመጫ ጠፋ የምንለው?» አለ።

ገቡ። ደረጃው ሞላ። እትዬ ሉባባ ተቀምጠው አልቀሩም፤ ድስታቸውን ከፍተው በየጠረጴዛው ንፍሮ ያድሉ ጀመር። አንዲት የድሮ ዋናተኛ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ እሳቸውም በዚያ ቀን ተመራጭ ናቸው፣ ቀምሰው ደገሙ። «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ከስተሻል» አሏቸው እትዬ ሉባባ በአማርኛ። ሴትዮዋ አመስግነው በሉ።

የኑሩ ተራ ሲደርስ ስሙ ተጠራና ፎቶው ግድግዳው ላይ በብርሃን ወጣ። የቤት በር የሚያህል ፊት። ላቡ ይታያል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ይስቃል። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ። ያኔ እማዬ ቆመች።

«ኑሩዬ!» አለች። «ሰው ሳይደርስልህ! ኑሩዬ፣ ሳልስምህ!»

ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር። ደረጃው ላይ ያሉት ሴቶች በአንድ ጊዜ ተቀበሏት። ጭብጨባው እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ጠፋ። ኃላፊው ውሃ ይዞ መጣና ኮሪደሩ ላይ ጸጥ ያለ ክፍል እንዳለ በጆሮዬ ነገረኝ።

«እዚሁ ታለቅሳለች» አልኩት።

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«አላውቅም።»

ለቤተሰብ ሁለት ደቂቃ ንግግር ተሰጥቶናል። የጻፍኩት ነገር ነበረኝ። አላወጣሁትም። ማይኩን ያዝኩና እንደመጣልኝ ተናገርኩ፤ እንግሊዝኛዬም እየተደነቃቀፈ።

«ወንድሜ... ሲቀበር እናቴ መኪና ውስጥ ነበረች። ማንም አላቀፋትም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ይለቀሳል። እናንተ ልታከብሩት ነው የጠራችሁን። እናመሰግናለን። ክብሩ ይሄ ነው። ስለዚህ ጠብቁን። የቸኮለ ሰው ካለ በሩ ክፍት ነው።»

ማንም አልወጣም። አብረውት ይታገሉ የነበሩ ትልልቅ ወንዶች መጥተው እማዬ አጠገብ ተንበረከኩ። ከእኛ አንዱ «ይህን ያህል ጮኾ ማልቀስ በዲን አይፈቀድም» ብሎ ሲያንሾካሹክ ጋሼ ይመር ሰሙት። «ሁለት ዓመት የታፈነ ነው፣ ዝም በል» አሉት። ልቅሶው ራሱ ሲደክም ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ዱዓ አደረጉ። ጀነት ይስጠው ሲሉ «አሚን» አልን። ለእናቱ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጣት ሲሉ «አሚን» አልን። በሦስተኛው ላይ ፈረንጆቹም «አሚን» አሉ። አሰልጣኙን አየሁት፤ እነዚያን ወፋፍራም መዳፎቹን ከፍቶ ቆሟል።

እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ፎቶውን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በል፣ አሁን ያጨብጭቡለት በላቸው።»

ነገርኳቸው። የጂሙ ጣሪያ የሚወርድ መሰለኝ። እማዬም አጨበጨበች፤ ከሁሉም በኋላ ነው ያቆመችው።

እስከ ዛሬ የሚወቅሱኝ አሉ። ፖላሪስ ሰፈር ቢሮ ውስጥ የሚሠራ አንድ ዘመዳችን ባገኘኝ ቁጥር «ፈረንጅ ፊት አዋረድከን» ይለኛል። ድሮ አብራራለት ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ማጨብጨብ አልከለከልንም። መጀመሪያ ይለቀስለት ነው ያልነው። ሰውን ከነኀዘኑ ካልተቀበሉት፣ ስሙን ግድግዳ ላይ መስቀል ምን ያደርጋል?

ትናንት ከሥራ ገብቼ ሶፋ ላይ እንደ ተጋደምኩ እማዬ ከኩሽና ጮኸችብኝ። «ኑሩ ቢሆን ይሄን ቆሻሻ ሳይነገረው ያወጣው ነበር!» ተነሥቼ ከረጢቱን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ውጭ ብርድ ነው። እሷ ውስጥ ሆና አሁንም ከእሱ ጋር እያወዳደረች ትሰድበኛለች፤ ኑሩ እንዲህ ነበር፣ ኑሩ እንዲያ ነበር እያለች። ቶሎ አልገባሁም። ቆሜ ሰማኋት። በዚያ ቅዳሜ የሚያፍር ካለ እሱ ይፈር።