ጦርነቱ ስንት ሰዓት ላይ ያበቃል?

ንጋት 11:30፣ ምሥራቅ ሀዋሳ

አንድ ፊሽካ ለመስማት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ እብደት ነው ብዬ ነበር። ዘጠና ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት እናቴ ግን ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሞጆ አካባቢ ባለ አሮጌ ጣቢያ፣ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች ራሳቸው በጠገኗት የእንፋሎት ባቡር የጣሊያን ዘመን የጦርነት ጉዞ ሊያሳዩ መሆኑን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

አባቷ የባቡር ነጂ ነበር። ማታ ሰፈር ሲቃረብ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ አያቴም ወጡን እሳት ላይ ትጥዳለች። ጣሊያን የወጣበት ጦርነት ሲመጣ እሷ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አድፍጦ የሚጠብቅ እንዳይሰማ ተብሎ ፊሽካ ተከለከለ። አንድ ቀን ሳይነፋ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

«ያንን ድምፅ ሰምቼ ልሙት» አለችኝ።

ባለቤቴ ብርቱካን «ስትመለሱ ደውል» ብላ ሸኘችን። እንደ ልማዴ «እሺ» አልኩ።

3:00፣ ባቱ

ከሚኒባሱ ወርደን የዓሣ ጥብስ በላን፤ አንዱ ሦስት መቶ ብር። እማዬ «የሀዋሳው ይበልጣል» እያለች አጥንቱን ብቻ አስቀረች።

5:00፣ ጣቢያው

ሰዎቹን ማድነቅ አለብኝ። መስኮቱ ሁሉ ብርሃን እንዳይወጣ በሰማያዊ ወረቀት ተሸፍኗል፤ በሩ ላይ የአሸዋ ጆንያ ተደርድሯል፤ ካኪ የለበሱ ሽማግሌ «የይለፍ ወረቀት!» ብለው ያፈጥጣሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ይስቃሉ። ስንቃችን በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ነበር። ባቡሯ ጥቁር ናት፤ ነሐሷ ፊት ያሳያል። መስኮቱ በተጋረደ የእንጨት ፉርጎ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወሰደችን። ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ፊሽካ ግን የለም።

እማዬ በምርኩዟ ወደ ነጂው ወደ ጋሽ ተካ ሄደችና ጉዳይዋን ነገረቻቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«እማማ፣ ዛሬ የጦርነት ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ሕግ ፊሽካ ክልክል ነው። ጓደኞቼን ቃል አስገብቼ እኔው ላፍርስ?»

ደሜ ፈላ። ለጨዋታ ሕግ ተብሎ አሮጊት ትከለከላለች? አፌን ልከፍት ስል እማዬ ቀደመችኝ።

«ጦርነቱ ስንት ሰዓት ላይ ያበቃል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ጥሩ። እጠብቃለሁ።»

የአሸዋ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ብለምናትም ጥላ ውስጥ አልገባ አለች።

9:00

ጋሽ ተካ ቆባቸውን አውልቀው መጡ። ክንዷን ይዘው ወደ ነጂው ክፍል አወጧትና የፊሽካውን ገመድ በእጇ አስያዟት።

«አባትዎ እንዴት ነበር የሚነፉት?»

ሁለቴ አጠር አድርጋ ሳበች። ሦስተኛውን ከሳበች በኋላ ግን አልለቅም አለች። ድምፁ ሜዳውን ሞላው፤ ጡረተኞቹ ሁሉ ብድግ ብለው ቆሙ።

«አባባ ገባ» አለች በመጨረሻ።

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ማታ፣ ሻሸመኔ

ጨልሞብናል።

«ለብርቱካን ደወልክላት?» አለችኝ እማዬ።

«ልንደርስ ምን ቀረን? ስንገባ ታየናለች።»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባቴ ሳይነፋ የሄደው ተከልክሎ ነው። አንተን ማን ከለከለህ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ «እሺ» እያልኩ ሳልደውል የገባሁባቸው ማታዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። ብርቱካን ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች፤ ስልኩን በእጇ ይዛው ኖሯል።

ባጃጁ በራችን ላይ ሲያወርደን ወጡ እሳት ላይ ነበር።